የሽልማቱ ባለቤት፦ የእትዬ ፈረቃ የሕይወት ታሪክ

ለቅሶው ትናንት ጠዋት የተጀመረው በሌላ ሰው ቤት ነው። የሆስፒታሉ ሠራተኞች ማኅበር በዋናው በር ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ «የብዝኃነት ሽልማቱ ባለቤት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» ይላል። የጻፈው ሰው የሞቱት ማን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል ብሎ ሌላ ነገር አልጨመረበትም። የቢሮ ሠራተኞች ግን መድረክ ላይ ወጥተው ዋንጫውን የተቀበሉትን የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ ነው የሚያውቁት። ስለዚህ ጥቁር ለብሰው ወደ እርሳቸው ቤት ሄዱ። አንዷ ጸሐፊ ከአጥሩ ውጭ ጀምራ እያለቀሰች ስትገባ በሩን የከፈቱላት ሟቹ ራሳቸው ነበሩ፤ በፒጃማ፣ የጥርስ ብሩሻቸውን እንደ ነከሱ። ከላውንደሪ የመጡት ለቀስተኞች ግን አንድም ሳይሳሳቱ በቀጥታ እዚህ፣ እትዬ ፈረቃ ቤት ደረሱ።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት ይህ ይስተካከልልን። ኃላፊው በሕይወት አሉ፤ ዕድሜ ይስጣቸው። ያረፉት የሽልማቱ ባለቤት ናቸው። ሁለቱ አንድ ሰው አይደሉም፤ ሆነውም አያውቁም።

እትዬ ግንበኛ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው፣ ለስድስት ልጆች ሦስተኛ ሆነው ተወለዱ። የተወለዱት ወንዙ ዳር፣ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ዕቃ ሁሉ ቆጥ ላይ በሚሰቀልባት ሰፈር ነው። የልደት ቀናቸው ሁለት ነበር፤ አንዱ እናታቸው የሚያውቁት፣ ሌላው ለመቀጠር ዕድሜያቸው እንዲሞላ የተጻፈላቸው። ሆስፒታሉ ጡረታ ያወጣቸው በሁለተኛው ነው። እኛ የምንቀብራቸው በመጀመሪያው ስለሆነ ስልሳ ሦስት ዓመት ኖሩ እንላለን።

እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምረዋል። አባታቸው ከመወጣጫ ላይ ወድቀው አልጋ ሲይዙ እናታቸውን ለማገዝ ትምህርቱን ተዉት። ከዚያም የሆስፒታሉ ልብስ ንጽህና ክፍል፣ ሁላችንም ላውንደሪ የምንለው ቦታ፣ በአጣቢነት ተቀጠሩ። ባለቤታቸውን ያገኙትም እዚያው ነው። የአምቡላንስ ሾፌር ነበሩ። እትዬን ለማየት ሲሉ ንጹሕ አንሶላ እንደ ቆሻሻ ጠቅልለው ያመጡ ነበር። እትዬ ሦስተኛው ላይ ነቁባቸውና አንሶላውን ትተው ቤተሰብ እንዲያነጋግሩ ነገሯቸው። በትዳራቸው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ግድግዳ ተለያይቼ የኖርኩ ጎረቤት ስለሆንኩ ደግ ደጉን ብቻ ባወራ ራሳቸውም አያምኑኝም። እትዬ ሰው መደልደል ይወዱ ነበር። የግቢያችንን ልብስ ማስጫ ገመድ በቀን ከፋፍለውልን የእኔ ማክሰኞ ሆነ። ረቡዕ ካሰጣሁ ልብሴን አጣጥፈው በራፌ ላይ ያስቀምጡልኝ ነበር። ከእኔ በተሻለ ስለሚያጣጥፉ ተቀይሜ አላውቅም። እንዲያውም አንዳንዴ ሆን ብዬ ረቡዕ አሰጣ ነበር።

ወደ ሥራቸው ልመለስ። ላውንደሪው ውስጥ ስልሳ አንድ ሠራተኛ ነበር። አራት ቋንቋ ይነገርበታል። የሚጸልዩበት ቀን ይለያያል፤ ሁለቱ መስማት የተሳናቸው ናቸው፤ ማንበብ የማይችሉም ነበሩ። ትልቅ አንሶላ የሚታጠፈው በሁለት ሰው ነው። እትዬ የተኳረፉትን እየመረጡ በአንድ አንሶላ ጫፍና ጫፍ ያቆሟቸው ነበር። አንሶላው አራት ጊዜ እስኪታጠፍ አራት ጊዜ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ እስከ ምሳ ሰዓት አንዱ ይስቃል።

ችግሩ ፈረቃው ነበር። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ በጸሎቱ ቀን የቀረ ሰው ሦስት ጊዜ ከደገመ ይሰናበታል። በአንድ ዓመት ብቻ አምስት ሰው በዚህ ተባረረ። እትዬ በአርባ ሁለት ዓመታቸው የተሰበረ የመድኃኒት ቁም ሣጥን በር አንሥተው ምስማር መቱበት፤ ከላይ ወደ ታች ሰዎቹ፣ ወደ ጎን ቀኖቹ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ክር ሰጡት። ስልሳ አንድ ቀለም ስለማይገኝ ሁለት ሁለት ክር እየገመዱ። የአንቺ ክር በእኔ ምስማር ላይ ከተንጠለጠለ በዚያ ቀን አንቺ ትሠሪልኛለሽ፤ የእኔ ደግሞ በአንቺ ቀን። ማንበብ አያስፈልግም፣ መስማትም አያስፈልግም። ዐሥራ አንድ ዓመት አንድም ሰው አልተባረረም፣ አንድ አልጋም ያለ አንሶላ አላደረም። እትዬ ፈረቃ የተባሉት ከዚህ በኋላ ነው።

በዐሥራ አንደኛው ዓመት አዲሱ የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ ሊጎበኙ መጡና ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ላውንደሪ ነው ወይስ የክር ሱቅ ብለው ጠየቁ። እትዬም ሊያስረዷቸው ጀምረው ነበር፤ ግን ኃላፊው ጥያቄ እንጂ መልስ አልፈለጉም። በሳምንቱ «ያለ ፈቃድ ፈረቃ በመቀያየር» የሚል የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ለእትዬ ደረሳቸው። ሰሌዳው ወደ መጋዘን ተወሰደ። ለስድስት ዓመት በተጠባባቂነት የመሩት ክፍል የኃላፊነት ቦታ ሲወጣ ማስጠንቀቂያ ያለበት አይወዳደርም ተባሉ። ለተሾመው ሰው ሥራውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ሦስት ዓመት ቆይቶ ከውጭ የመጡ ገምጋሚዎች ሆስፒታሉ ልዩ ልዩ ሠራተኞችን በእኩል ለማኖር ምን እንደሠራ ጠየቁ። ኃላፊው የሚያሳዩት ነገር ቢያጡ መጋዘኑ ትዝ አላቸው። ሰሌዳው ተወልውሎ መስታወት ገባበት፣ ተሸለመም። ለሽልማቱ ቀን እትዬ የታዘዙት ለዐሥራ አንድ ጠረጴዛ ነጭ ልብስ እንዲያቀርቡ ነበር። ራሳቸው ተኩሰው፣ ራሳቸው ተሸክመው አዳራሽ ሲገቡ ሰሌዳቸውን መድረክ ላይ አገኙት። ለፎቶ እንዲያምር ክሮቹን በቀለም ደርድረዋቸዋል። በዚያ አደራደር አንዲት ሴት ሳምንቱን ሙሉ በሦስቱም ፈረቃ ትሠራለች፤ የቀረው ሁሉ ቤቱ ተኝቷል። ማንም አላወቀም። ኃላፊው ሐሳቡ የአመራሩ የረጅም ጊዜ ጥናት ውጤት መሆኑን ሲናገሩ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። እትዬም ቆመው ነበር፤ ወንበር አልተያዘላቸውማ።

በሕይወት ታሪክ ላይ አይቆጡም ይባላል። ታዲያ የት ልቆጣ? እሳቸው እንኳ ያን ዕለት ከሥራ ሲመለሱ ለእኔ ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ዋንጫውን ይያዙት። ማስጠንቀቂያዬን ያንሱልኝ።»

ሌላ ነገር ጠይቀው አያውቁም። በዚያች ሰባተኛ ክፍል ላይ በቀረች ውብ ጽሕፈታቸው አራት ማመልከቻ አስገቡ። የመጀመሪያው ጠፋ ተባለ። ለሁለተኛው ሽልማትና ዲሲፕሊን የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው የሚል መልስ መጣ። ሦስተኛው ከጡረታቸው በኋላ ስለገባ ሠራተኛ አይደሉም ተባለ። አራተኛውን የጻፉት ታመው ነው። አርባ ምናምን ዓመት በረኪና የተነፈሰ ሳንባ አልታዘዝ ብሏቸው እዚያው ሆስፒታል ሰባት ሳምንት ተኙ። ለአራተኛው መልስ አልመጣም። በየቀኑ ግን ነርሷን ደብዳቤ አለ ወይ ይሏት ነበር። የአንሶላው እጥፋት ጠመም ሲል ደግሞ ማን እንዳጠፈው ሳይጠይቁ አያልፉም።

ከትናንት ወዲያ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ማስጠንቀቂያው እንዳለባቸው አረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸው፣ መምህር ሴት ልጃቸው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወንድ ልጃቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ ሁለት እህቶች፣ እንዲሁም ግድግዳ ቢለየንም ዘመድ የሆንን ጎረቤቶቻቸው ቀርተናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ማመልከቻ በማያስገባበት ቦታ ያሳርፍልን። ለሚያለቅሱላቸው ሁሉ መጽናናቱን ይስጥ።

ጽሑፉን እዚህ ላይ ጨርሼ ትናንት ከሰዓት ለልጃቸው ላስረክብ ስል ኃላፊው ሙሉ ልብስ ለብሰው ወደ ሐዘን ቤቱ ገቡ። በአንድ እጃቸው ደብዳቤ፣ በሌላው የደብዳቤ ማስረከቢያ መዝገብ ይዘዋል። የላውንደሪ ሴቶች ከተቀመጡበት አልተነሡም። ማስጠንቀቂያው ከዛሬ ጀምሮ ተነሥቷል ይላል ደብዳቤው፤ ለእትዬ የተጻፈ፣ ማኅተሙ ገና ያልደረቀ። ኃላፊው ይህ በሕይወት ታሪኩ ላይ እንዲገባ ጠየቁኝ፤ ይኸው ገብቷል። ባለቤታቸው መነጽራቸውን አስመጥተው ከላይ እስከ ግልባጩ አነበቡት። ኃላፊውም መዝገቡን ገልጠው እስክሪብቶ አቀበሏቸው።

«ጋሼ፣ ስለመድረሱ እዚህ ጋ ፊርማ ያስፈልገኛል።»

ባለቤታቸው ደብዳቤውን አጣጥፈው መዝገቡ ላይ መልሰው አስቀመጡና አስከሬኑ ወዳለበት ክፍል በአገጫቸው አመለከቱ።

«የተጻፈው ለእሷ ነው። ገብተው ያስፈርሟት።»