ከአዲሱ ሸክላ ላይ የጠፋው ሲጢጥታ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? ወገብህን ተሻለህ? ጆሮህስ? ይሄን የመጨረሻውን ለወግ ያህል የጠየቅኩህ እንዳይመስልህ፤ የምሬን ነው። ጆሮህ ታሞ ከሆነ ላዝንልህ እችል ይሆናል። ደህና ከሆነ ግን ምን እንደምልህ ከዚህ በታች ታገኘዋለህ። እኛ አለን። እኔም የልብስ ስፌት መኪናዬም እንደ ድሮው እየተነጫነጭን ነው። አባባም አሁን ደህና ናቸው። "አሁን" ያልኩበትን ምክንያት ቁጭ ብለህ አንብበው።

ጥቅልህ የደረሰ ቀን አባባ ፒጃማቸውን አውልቀው ኮት ለበሱ። ለሸክላ ኮት! ጎረቤታችንን ነርሷን ከሥራ ስትገባ ደረጃ ላይ ጠብቀው፣ "ልጄ የእናቱን ሸክላ እንደ አዲስ አሳትሞ ላከልኝ" ብለው ጎትተው አስገቧት። ሽፋኑ ላይ "ድምፁን ያጸዳው" ከሚለው ሥር ስምህን በማጉያ መነጽር ፈልገው አገኙና ለእሷም አሳዩአት። የማጫወቻውን መርፌም ማንም እንዲነካባቸው አልፈለጉም፣ ራሳቸው አስቀመጡት።

ዝግተኛው ክፍል ሲደርስ እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን አነሱ። ጣታቸው እንደተነሳ ቀረ፤ ሙዚቃው ዝም ብሎ አለፈ። "መልሺው" አሉኝ፤ መርፌውን መለስኩት። አሁንም አለፈ። ተነስተው ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጠፉ። በመጨረሻ ኮታቸውን አውልቀው ተቀመጡና "በቃ፣ ጆሮዬ ሄዷል" አሉ። ነርሷ ምን እንደጠበቁ ስላልገባት "ዕድሜ ነው አባባ" ብላ አጽናናቻቸው።

ከዚያ በኋላ ሬዲዮ ክፈቺ ማለት ቀረ። ሳወራቸው አፌን አፌን ያያሉ። ስልክ ሲጠራ እየሰሙ እንኳ አያነሱም። ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው፤ በማሽን መረመራቸውና "እኔም በእርስዎ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጆሮ ቢኖረኝ ደስ ባለኝ" አለ። አላመኑትም። "ልጄ የሠራው ሸክላ አይዋሽም፤ የደከምኩት እኔ ነኝ" አሉኝ።

ደሜ የፈላው ያኔ ነው። ደወልኩልህ። አንተ ደግሞ "እትዬ፣ የወንበሩን ድምፅ ነው የምትዪው? እሱ እኮ ጉድለት ነው! ሰው የሚገዛው ሙዚቃ ነው እንጂ ወንበር አይደለም" ብለህ ሳቅክ። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ መስመሩ ተበላሽቶ ነው ብለህ እንዳትጽናና። ልጅ ሆነህ ዝም በሉ እያልክ ቤቱን ሁሉ ስታስጨንቅ "ጸጥ በሉ" የሚል ቅጽል ስም አውጥተንልህ ነበር፤ ይኸው መተዳደሪያህ ሆነ።

ባለቤትህ ይህን አብራህ ካነበበች እንዳይቸግራት ነገሩን ልጻፍላት፤ አንተማ ታውቀዋለህ። እማዬ ያን ሸክላ ከኦርኬስትራው ጋር ስትቀዳ ቪዮላዋን የተጫወተችው የስምንት ወር እርጉዝ ሆና ነው። ሆዷ ውስጥ የነበርከው አንተ ነህ። ዝግተኛው ክፍል ላይ ሁሉም ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ አንተ ረገጥካት። እሷም አቀማመጧን አስተካከለች፤ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። መሪው ቢናደድም የአዳራሹ ሰዓት አልቆባቸው ስለነበር እንዳለ ታተመ። አባባ እዚያ ቦታ ላይ ሁሌ ጣታቸውን አንስተው "ይኸው፣ ረገጠ!" ይሉ ነበር። አንተም እንግዳ በመጣ ቁጥር "አሁን እኔ ነኝ! አሁን እኔ ነኝ!" እያልክ ትዘል ነበር። ቪዮላዋማ ከሌሎቹ ቪዮላዎች ጋር ተቀላቅሏል፤ የእሷ የትኛው እንደሆነ ማን ይለያል? ለብቻዋ የምትሰማው እዚያች ወንበር ላይ ነው። እማዬን ከቀበርን ወዲህ ያለን እሱ ነው።

የራሳችን ሸክላ የት እንዳለም አንተው ንገራት። "የድርጅታችንን ቴፕ እርጥበት በልቶታል፤ የእናንተ ሸክላ ንጹሕ ነው፣ ገልብጬ እመልሳለሁ" ብለህ በሹራብህ ጠቅልለህ ወሰድክ። የመለስክልን ይሄን ነው።

ድምፁን ያጠፋኸው አንተ እንደሆንክ ለአባባ ብነግራቸውም ለማጽናናት የምለው መሰላቸው። ማዕዘኑ ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ አሮጌ ሸክላ ይሰበስባል። ሄጄ ብጠይቀው የመጀመሪያው እትም አለው። አውሰኝ ስለው ከሱቅ አይወጣም አለ። ለመንኩት፤ ተቆጣሁት፤ ወይ ፍንክች! ምን ላድርግ፣ አባባን ከአራተኛ ፎቅ በየደረጃው እያሳረፍኩ አወረድኳቸው፤ ያንተን አዲስ ሸክላ በብብቴ ይዣለሁ። የሚቆረጥ አንድ ፀጉር የሌላቸው ሰውዬ የፀጉር ቤት ወንበር ላይ ተሰየሙ።

መጀመሪያ ያንተን አስደመጠን። እያንገሸገሸኝ እውነቱን ልንገርህ፤ ሥራህ ጥሩ ነው። ባሶቹ ከወለሉ ሥር የሚመጡ ይመስላሉ። የእማዬን የቪዮላ መስመር እንደዚያ ጠርቶ ሰምቼው አላውቅም። ፀጉር አስተካካዩ መርፌው ገና ሳያርፍ "ሕይወት የለውም!" ብሎ ነበርና እሱንም ዝም በል አልኩት። ቀጥሎ አሮጌውን አዞረው። እንደሚቁላላ ሽንኩርት ቸስ ቸስ ይላል፤ ጮክ የሚለው ቦታ ላይ ሁሉም ተደባልቆ ይንጫጫል፤ ቫዮሊኖቹ ጉንፋን የያዛቸው ይመስላሉ። "ሕይወት ማለት ይሄ ነው!" አለኝ። "ይሄማ ጭረት ነው" አልኩት። ልንጣላ ስንል ዝግተኛው ክፍል ገባ። ሲጢጥ።

አባባ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ጭነው "ይሰማኛል" አሉ። "ለካ ይሰማኛል።" እንባቸው ኮሌታቸው ላይ ሲወርድ አልጠረጉትም። ከዚያ "ልጄ ጎበዝ ነው፤ ሙያውን ያውቃል" አሉ። "ግን እናቱን ከወንበሯ አስነሳት።" ያ ለፍላፊ ፀጉር አስተካካይ ዞሮ ንጹሑን መስታወት መወልወል ጀመረ።

አሁን ሰኞ ሰኞ ሱቁን ለሌላ ሰው ዘግቶ ለአባባ ይከፍትላቸዋል። ሸክላ የሚያሳትም ልጅ ያላቸው ሰው፣ ሚስታቸውን ለመስማት የሰው ደጅ ይጠናሉ። ይህን ለሥራ ባልደረቦችህ አውራላቸው።

ሸክላችንን በፖስታ እንዳትልከው። ራስህ ይዘኸው ና። መጥተህም አባባ ፊት ተቀመጥና "ጉድለት ነው" ያልከኝን ለእሳቸው ድገምላቸው። በስልክ የሳቅከውንም ሳቅ እዚሁ ሳቀው፤ እንይህ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በማታውቀው ነገር አልወቅሳትም። ትልቋ ልጅህ ቪዮላ ጀምራለች አሉ፤ ግንባሯን ሳምልኝ፣ ስትሳሳትም አትቆጣት። ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። ነርሷም ሰላም ብላለች፤ ጉዱን ስትሰማ ካለችው ውስጥ የሚጻፈው ይሄ ብቻ ነው። አባባ ጠባይህን ሳይሆን አንተን ይወዳሉ፤ ብዙ ብዙ ሰላም ብለውሃል። አሁን ከጀርባዬ ቆመው ይሄን ሁሉ ምን ትጽፊያለሽ ሲሉኝ "ሰላምታ ነው" አልኳቸው። ባንተ ምክንያት ደግሞ ዋሸሁ።

እህትህ
ከአባባ ሳሎን፣ ኅዳር 9 ቀን