ከአባቴ ፍራሽ ሥር ስላለው ባለቀይ ማኅተም ወረቀት

ኅዳር 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለብሪያርዌል ከተማ የሕንፃ ቁጥጥር ክፍል ክቡር ኃላፊ
ከሚቀመጡበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ወገብዎን፣ ጉልበትዎንና ቀኑን ሙሉ ወረቀት ላይ የሚውሉ ዓይኖችዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልኝ እመኛለሁ። ቢሮዎ ምድር ቤት ላይ መሆኑን፣ አንድም ደረጃ እንደማይወጡ በዓይኔ አይቼ ደስ ብሎኛል። እኛ ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር፣ ሊፍት በሌለው አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እርስዎን ከማስቸገራችን በቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ መሆኑን ከወዲሁ አስታውቃለሁ። እስከ አምና ድረስ ስሜን የማልጽፍ ሰው ነበርኩ። ዛሬ ግን በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ በዲያቆን ታዲዮስ የማታ ትምህርት፣ የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም ፊደል ለይቼ ከሰባት ተማሪዎች አንደኛ ወጥቻለሁ። ምቀኞች ከሰባቱ ሦስቱ ከሥራ መጥተው ያንቀላፉ እንደነበር ያነሣሉ። እኔም ከአየር ማረፊያ ሻንጣ ስጭን ውዬ ነው የምመጣው፤ እንቅልፍ ለእኔም መጥቶ ነበር፣ ታግዬ ጣልኩት እንጂ። በአማርኛ የጻፍኩት በእንግሊዝኛ ገና ማመስገን እንጂ መውቀስ ላይ ስላልደረስን ነው። ትርጉሙን በቢሮዎ በር ላይ እለጥፋለሁ፤ በር ላይ መለጠፍን የተማርኩት ከእናንተ ነው።

ጉዳዩ ከዴንተን ወደ ሰሜን የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ፣ በእርስዎ ከተማ ዳርቻ ስላለው አሮጌ የእርሻ ቤት ነው። የሣንቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ባንድ በኩል ጎንበስ ብሏል፣ በረንዳው ሰፊ ነው፣ ደረጃ የለውም። የገዛሁት ለአባቴ ለአቶ ወልደ ሥላሴ ነው። አባቴ በአገራቸው አርባ ዓመት በርና መስኮት የሠሩ አናጢ ናቸው። እዚህ ከመጡ ወዲህ ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ስላለ፣ ለቅዳሴና ለሐኪም ካልሆነ ወደ ምድር አይወርዱም። ያን ቤት ያየሁት ቀን ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ማለቴ፣ ማሰብ ነበረብኝ።

ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ መሥሪያ ቤትዎ ባንድ እጁ ቤቱን በሐራጅ ሸጦልኝ እጄን እየጨበጠ እንኳን ደስ አለህ ሲለኝ፣ በሌላው እጁ ግን ቀደም ብሎ ይፈርሳል የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፎ ኖሯል። ቀኝ እጅህ የሚያደርገውን ግራህ አይወቅ የሚለው ቃል ስለ ምጽዋት የተነገረ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስለ ከተማ አስተዳደር ኖሯል።

ሁለተኛ፤ እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት አልሸሽግም። በመጋቢት ቁልፍ ተቀብዬ ስሄድ ያ ወረቀት በሩ ላይ ነበር። ወፍራም ነው፣ ከታች ትልቅ ቀይ ማኅተም አለው። እኛ ባደግንበት አገር እንዲህ ያለ ማኅተም የሚመታው በሁለት ነገር ላይ ነው፤ በርስትና በሹመት። ሹመት ስላልጠበቅኩ ርስት ነው አልኩ። እንዳይቀደድ በቢላዋ ጫፍ ቀስ ብዬ ላጥኩት፤ አንብብልኝ ብዬ ሰው መጠየቅም ኩራቴ አልፈቀደም። ለአባቴ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ሳሙት፣ በፌስታል ጠቅልለው ከፍራሻቸው ሥር አስገቡት። ለካ ተቃውሞ እንድናቀርብ ዘጠና ቀን ሰጥታችሁን ኖሯል። ዘጠናውንም ቀን አባቴ ተኝተውበታል።

ሦስተኛ፤ በመስከረም አንድ ቅዳሜ ደቦ ጠራሁ። ደቦ ማለት እኔ የወዳጄን የገመቹን ጋራዥ ኧርቪንግ ከተማ ድረስ ሄጄ ቀባሁለት፣ የዓለምሸትን ዕቃ አራት ጊዜ ከቤት ቤት አመላለስኩላት፤ ሶ እነሱ ደግሞ የእኔን ጣሪያ መጥተው ያቃናሉ ማለት ነው። አሥራ ሰባት ሰው ወጣ። አባቴ በረንዳው ላይ ወንበር ተደርጎላቸው ሲያዙ ዋሉ። ምሰሶዎቹን አንድ ባንድ በጣታቸው አንጓ አንኳኩተው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ከአሥራ ዘጠኙ ሁለቱን ብቻ በከሰል ምልክት አደረጉባቸው፤ የቀረው ከእኔም በኋላ ይቆማል አሉ። በወረቀታችሁ ላይ ግን ፍተሻው የተደረገው ከመንገድ ዳር በመመልከት መሆኑ ተጽፏል። እንጨት ከመንገድ ዳር ሆኖ የሚያዳምጥ ጆሮ ባለው ባለሙያዎ ከልብ እንኮራለን።

ያው ባለሙያ በዚያ ቀን መጣ። የመኪናውን መስኮት ጣት በማያሾልክ ልክ ከፍቶ ተቋራጩ ማን እንደሆነ ጠየቀ። ማን ነው የሚከፍላችሁ ሲል፣ ታክሲ ነጂው ገመቹ እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብሎ፣ አይከፍለንም፣ ምሳ ነው የሚያበላን፣ እሱም ጨው የለውም ሲል መለሰ። ባለቤቴ እታለማሁ ወጡን በሌሊት ተነሥታ የሠራች ናትና ገመቹን እስከ ዛሬ አላነጋገረችውም። አባቴ ደግሞ እንግዳ መኪና ውስጥ አይቀመጥም፣ ይውረድና ይቅመስ እያሉ ወንበራቸውን ይለቁለት ነበር። ባለሙያዎ ግን አልወረደም። አሥራ ሰባት ሰው ያለ ደመወዝ ያሠራል ብሎ ጻፈና ሥራው እንዲቆም አዘዘ። ክቡር ሆይ፣ አያቴ የሰው መሬት ሲያርሱ የኖሩ ጭሰኛ ነበሩ። ዘራችን ከተፈጠረ ጀምሮ ገባር ያለው ባላባት ተብሎ የተመዘገበው በእርስዎ መዝገብ ላይ ነውና፣ ስለ ሹመቱ ቤተሰቡ በሙሉ እጅ ይነሣል።

አራተኛ፤ በጥቅምት እታለማሁ የአባቴን አንሶላ ስትቀይር ወረቀቱ ወደቀ። ያን ጊዜ ፊደሉን ጨርሼ የሰፈሩን ሰሌዳ ሁሉ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ሰው አስቸግር ነበር። አነሣሁና አነበብኩት። በዕድሜዬ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው ወረቀት ይኸው የእናንተ ነው። ወደ ዲያቆን ታዲዮስ ሮጥኩ። ሲያርሙኝ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ተሳስተሃል እንዲሉኝ ለመንኩ። ሁለት ጊዜ አይተው፣ በትክክል አንብበሃል አሉኝ። ወረቀቱን አባቴ ሳያዩ መልሼ ከፍራሹ ሥር አስገባሁት።

ቢሮዎ ስመጣ አንደኛው መስኮት ቤቱ ይፈርሳል ስለተባለ የእድሳት ፈቃድ አይሰጥም አለኝ። ሁለተኛው መስኮት ቤቱ ካልታደሰ የማፍረሻው ትእዛዝ አይነሣም አለኝ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አራት እርምጃ ነው፤ ስመላለስ ቆጥሬዋለሁ። እኔ ያን ያህል ጊዜ ስመላለስ እነሱ አንድ ጊዜ ዞር ብለው ቢነጋገሩ ደግ ነበር፤ ግን ሥራ እንደሚበዛባቸው እረዳለሁ።

ቤቱ የሚፈርስበት የመጨረሻው ቀን ዲሴምበር 15 ቀን 2008 ነው ተብያለሁ። እኛ ገና 2001 ላይ ስለሆንን ሰባት ዓመት ቀርቶኛል ብዬ ቀልጄ ነበር። በቤታችን የሳቀ የለም። አባቴ የሠሯቸው አራት የመስኮት ክፈፎች ከሶፋችን ጀርባ ተደግፈው ቆመዋል፤ አምስተኛውን በረንዳችን ላይ እየላጉት ነው። ሥራው ለምን ቆመ ሲሉኝ ብርዱ ይለፍ እላቸዋለሁ። ብርዱ ሲያልፍ ምን እንደምላቸው አላውቅም።

የምለምነው አጭር ነው። ባለሙያዎ አንድ ቀን ከመኪናው ወርዶ፣ ከአባቴ ጋር ሆኖ አሥራ ዘጠኙን ምሰሶ ያንኳኳ። ከዚያ በኋላ ይፈርሳል ካለ፣ እኔው ራሴ መዶሻ ይዤ እመጣለሁ።

እንጨትን በዓይን፣ ሰውን በመስኮት ለሚመረምረው መሥሪያ ቤትዎ የማይጎድል ወረቀትና የማይደርቅ ቀለም እየተመኘሁ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ እሰናበታለሁ።

አለማየሁ ወልደ ሥላሴ
ባለ ቤት፣ ባላባት፣ ከሰባት አንደኛ

ማስታወሻ፤ ባለፈው እሑድ አባቴ ወረቀቱን ከፌስታሉ አወጡና፣ ፊደል ቆጥረሃል ሲሉ ሰማሁ፣ እስቲ የቤታችንን ወረቀት አንብብልኝ አሉኝ። መንገድ ላይ ያለ ሰሌዳ የማያመልጠኝ ሰውዬ፣ አባባ፣ እዚህ ፊደል ላይ ገና አልደረስንም አልኳቸው። አይዞህ ልጄ፣ ቀስ በቀስ ነው ብለው ራሴን ዳሰሱኝና መልሰው ጠቀለሉት። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ጮክ ብዬ የማነብላቸው ሌላ ወረቀት ይጻፍልኝ። ማኅተሙ ቀይ ይሁን፤ ሲተኙ ከፍራሹ ሥር እለውጠዋለሁ።