የሠላሳኛው ቀን ዝናብ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
ከጠዋቱ 3፡20
የዛሬ ዝናብ፦ ዜሮ

ይድረስ ለልጄ ለሚጡ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይነጫነጫል እንጂ ሌላው አካሌ ከዕድሜው ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብላሻለች፤ መኪናዋ ሲንኳኳ ይሰማኛል፣ አሁንም እየሰፋች ነው።

በደብዳቤ ስመጣብሽ ሳትገረሚ አትቀሪም። በስልክ ቢሆን ገና «ስሚኝማ» ስል «ምነው አባዬ፣ አመመህ እንዴ?» ብለሽ ታቋርጪኛለሽ፤ እኔም «ኧረ ምንም» ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ዘጠኝ ዓመት በዚህ ዓይነት አልፏል። ወረቀት አያቋርጥም። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ መሀል ላይ አትደውዪ።

የላክሻቸው እንግዶች ሰኞ ዕለት መጥተው ሄደዋል። ቡድን መሪዋና ፎቶ አንሺው ከእናንተ ድርጅት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእኛ ዋና መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪው። ለአሥራ አንድ ዓመት የዝናብ ጣቢያዬ መንገድ ጠፍቶት የኖረ ሰው፣ የድርጅታችሁ መኪና ሲነሳ ወዲያው ተገኘለት። ኮፍያና ካናቴራ ሰጡኝ። ካናቴራው ላይ የተጻፈውን ተቆጣጣሪው ሲተረጉምልኝ «ምድር እየተጣራች ነው» ይላል አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አቤት ስላት ነበር ልል አሰብኩና ተውኩት። ካናቴራው ጠበበኝ፣ ኮፍያው ግን ጥሩ ነው፤ አሁን አድርጌዋለሁ።

ቡድን መሪዋ ሥራችሁን በደንብ አስረዳችኝ። በየአገሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድም ቀን ሳይዘለል የተመዘገበባቸው የዝናብ ጣቢያዎች ተፈልገው መቶ ተመርጠዋል፤ ከመቶው አንዱ የእኔ ነው። መዝገቤ በትልቁ የአየር ንብረት ስብሰባ ላይ በመስታወት ሳጥን ይቀመጣል፤ አንዱ ገጽ ደግሞ ግድግዳ አክሎ ይታተምና አንቺ ከፊቱ ቆመሽ ትናገሪያለሽ። የየአገሩ ሹማምንት ያንን አይተው ለሥራ ይነሳሉ። ስለ ዝናብ ለመነጋገር ዝናብ የማይሰማበት አዳራሽ መግባት ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅኳትም። እንግዳ ናት፤ ደግሞም የአንቺ አለቃ ናት።

ፎቶ አንሺው መለኪያውን ዞሮ ዞሮ አነሳው። ከዚያ «ጋሼ፣ ውሃ ቢኖርበት እንዴት ጥሩ ነበር» አለኝ።

«ሰማዩ አልሰጠን፤ ምን ላድርግልህ?»

ከቦርሳው የታሸገ ውሃ አወጣና ክዳኑን ከፈተ። «ትንሽ ጠብ እናድርግበትና ሲለኩ ላንሳዎት። ማን ያውቃል?»

ታውቂኛለሽ፤ ቱግ አልኩ። «ስማ! እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ከሰማይ በስተቀር ውሃ የጨመረበት የለም። አንተም አትጨምርበትም!» ሰውዬው ደንግጦ ውሃውን ራሱ ጠጣው። ተቆጣጣሪው ጉሮሮውን ጠረገ። ቡድን መሪዋ ግን ደስ ብሏት ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው፤ ለሌሎቹም የዝናብ ታዛቢዎች እነግርልዎታለሁ አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ ወደ ቤት አስገባኋቸው። ደረቴ ግን እንደተነፋ ብዙ አልቆየም።

መዝገቦቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁላቸው። አንቺ ታውቂያቸዋለሽ፤ ስታድጊ ስታገላብጪያቸው ነበር። አንድ ገጽ አንድ ወር፣ አንድ መስመር አንድ ቀን። ጠዋት ጠዋት በቆምኩበት ስለምጽፍ ጽሑፌ አንዱ ቀን ሽቅብ፣ አንዱ ቀን ቁልቁል ይሄዳል። ቀለሙ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ጥቁር፣ አንዳንዴም ከቦርሳሽ የሰረቅኩት ቀይ። ጠብታ ያረፈበት ቁጥር ፈዟል፤ የጭቃ ጣት ያለበትም ገጽ ሞልቷል። ቡድን መሪዋ ጓንት አጥልቃ ስታገላብጥ ቆየችና አንዱ ገጽ ላይ እጇ ቆመ።

«ውይ፣ እንዴት ያምራል!» አለች። ቁጥሮቹ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። አንድ ቀለም፣ አንድ ዓይነት ጽሕፈት፣ አንድም ጠብታ የለም። «ለግድግዳው ይሄ ነው።»

የትኛው ወር እንደሆነ ለማወቅ መጠጋት አላስፈለገኝም። ከአራት መቶ ገጽ በላይ ውስጥ እንደዚያ ያለው አንድ ብቻ ነው። ንጹሕ የሆነው ደጅ ቆሜ ስላልጻፍኩት ነው። ቤት ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የሠላሳውን ቀን በአንድ ጊዜ ጻፍኩት። ሚጡ፣ ያ ገጽ ውሸት ነው። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ውሸት ነው።

በማግስቱ መልእክትሽ ደረሰኝ። እነሱ ገጹን እንደላኩልሽ፣ ከታች ያለውን ቁጥር ስታዪ እንዳለቀስሽ ጽፈሻል። የሠላሳኛው ቀን ዝናብ ዘጠና ስድስት ነጥብ አራት ሚሊሜትር፤ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ትልቁ የአንድ ቀን ዝናብ። «አባዬ፣ እማዬ ያረፈችበት ቀን መሆኑን አስተውለሃል? በንግግሬ መጨረሻ እሱን እናገራለሁ» ብለሻል። ሁለት ቀን ሙሉ ይህን መልእክት ይዤ ተንጎራደድኩ። ሰው ሁሉ ፊት ቆመሽ ያንን እንድትናገሪ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

እንግዲህ የሆነውን ልንገርሽ። እናትሽ ታማ በሦስተኛው ቀን አረፈች ብዬሽ ነበር። ሦስት ቀን አይደለም። ወር ሙሉ ነው። የወሩ መባቻ ላይ ከተማ ሆስፒታል ገባን፤ ሐኪሙ በመጀመሪያው ሳምንት ቁርጡን ነገረን። አንቺ የመጨረሻ ፈተናሽ ላይ ነበርሽ። እናትሽ እጄን ይዛ «ብትነግራት ጥላው ትመጣለች። እኔ እንደሆንኩ አልድንም፤ እሷ ለምን ትቅር? ከነገርካት አልምርህም» አለችኝ። ስትናገር ድምፅዋ ከእኔ ይልቅ ጠንካራ ነበር። እሺ አልኩ።

ሥራዬን ለማንም አደራ ያልሰጠሁትም ለዚሁ ነው። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ከአንቺ ጋር በየቀኑ ትጻጻፍ ነበር። ቁልፉን ለአንዱ ጎረቤት ሰጥቼ «ለካልኝ» ብል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ወሬው በማግስቱ አንቺ ዘንድ ይደርስ ነበር። ስለዚህ አክስትሽን ልንጠይቅ ሄድን ብለን በሩን ዘጋን።

ሆስፒታሉ ውስጥ አልጋዋ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ጋ ነበር። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሳላውቀው ሰዓቴን አያለሁ። መጀመሪያ «ሂድና ቆርቆሮህን እቀፍ» እያለች ሳቀችብኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ቀና ብላ በመስኮቱ አየችና «ና፣ እኔ ልንገርህ። ዛሬ አራት ነጥብ ሁለት» አለች።

«አራቱስ ይሁን፤ ነጥብ ሁለቷን ከየት አመጣሻት?»

«ነጥብ ከሌለው ማን ያምንሃል?»

የራጅ ፖስታዋ ጀርባ ላይ ጻፈችው፤ ያለፉትን ሁለት ቀኖችም ከራሷ ሞላችላቸው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሥራዋ ሆነ። ነርሷ መድኃኒት ይዛ ስትመጣ «ቆይ፣ እየለካሁ ነው» ትላታለች። ዜሮ ሲበዛ ይጠረጥሩሃል ብላ ደመና በሌለበት ቀንም ዜሮ ነጥብ ሦስት ትሰጠኝ ነበር። ከእኔ ጋር ሃያ ስምንት ዓመት ስትኖር ዝናብ የለካችው ያን ወር ብቻ ነው፤ ያውም ከአልጋዋ። ከሠላሳ አራቱ ዓመት ደስ ብሎኝ የሠራሁት የትኛው ነው ብትዪኝ፣ እሱን ነው የምልሽ። ማፈር ነበረብኝ፤ ያኔ ግን አላፈርኩም።

ሠላሳኛው ቀን ጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት በፊት አረፈች።

ይዣት ወደ ቤት ተመለስኩ። በማግስቱ ለቀስተኛ ሳይመጣ ወደ መለኪያው ወጣሁ። የወሩ ዝናብ በሙሉ እዚያ ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር፤ የየትኛው ቀን እንደሆነ ባይታወቅም፣ ድምሩ ግን እውነተኛ ነበር። የሥራው ደንብ ግልጽ ነው፦ ላልተነበበው ቀን «አልተነበበም» ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ የተጠራቀመውንም ለክተሽ ከታች ታስገቢያለሽ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን አጥሩ ሥር ደፋሁት። ለምን ብትዪኝ፣ ከለካሁት የእሷ ቁጥሮች ውሸት መሆናቸው ሊታወቅ ነው።

ለቀስተኛው ሲቀንስ ተቀምጬ ፖስታውን መዝገቡ ላይ ገለበጥኩት። ሃያ ዘጠኙ ቀን የእሷ ነው። ሠላሳኛው ላይ ስደርስ የሚነግረኝ አጣሁ። ያን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ እዚያም እዚህም ጠብ አላለም። ዜሮ ልጽፍ ብዕሬን አሳረፍኩ። እናትሽ ሞታ ዜሮ ብዬ መጻፍ አቃተኝ። ዘጠና ስድስት ጻፍኩ። ነጥቧንም አልረሳሁም። አንቺ በአሥረኛው ቀን ስትደርሺ ቀለሙ ደርቆ ነበር።

በድንጋጤ ያደረግኩት ነው ብለሽ አታቃልይልኝ። ለማረም ዘጠኝ ዓመት ነበረኝ። ተቆጣጣሪው ቢመጣ እነግረው ነበር እል ነበር፤ ይኸው መጣና ኮፍያዬን አስተካከልኩ እንጂ ምን አልኩት?

ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ደግሞ እንደ አባት ሳይሆን እንደ ታዛቢ ነው የምነግርሽ። በሪፖርትሽ ላይ ዝናቡ ከድሮው በአሥራ ስምንት ቀን ዘግይቶ ይጀምራል ያልሽው ልክ ነው። ያንን ወር አውጥቼ ትናንት መልሼ ደምሬዋለሁ፤ ያለ እሱም አሥራ ስምንት ነው። እኔ ራሴ ቆሜ ስጠብቀው የቀረውን ዝናብ አውቀዋለሁ። ግን ይህን ነገር መስማት የማይፈልግ ሰው አዳራሹ ውስጥ አይጠፋም። ያ ሰው አንድ የውሸት ገጽ ካገኘ የቀሩትን አራት መቶ ገጾች አያነብም። የሌሎቹን ዘጠና ዘጠኝ ታዛቢዎችም እንደ እኔ ይቆጥራቸዋል። ውርጭና ሐሩር ችለው በእውነት ሲለኩ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ትናንት ለዋናው መሥሪያ ቤት ጽፌያለሁ። የዚያ ወር ሠላሳ ቀን ይሰረዝ፣ «አልተነበበም» ይባል፣ ጥፋቱም የታዛቢው ነው ብዬ ፈርሜበታለሁ። ለቡድን መሪሽም ግልባጭ እንዲደርሳት አድርጌያለሁ። ከእንግዲህ ጣቢያዬ «አንድም ቀን ያልተዘለለበት» ሊባል አይችልም፤ ከመቶው መውጣቱ አይቀርም። ሳልጠይቅሽ ያደረግኩት እምቢ ትያለሽ ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ ሐሳቤን እንዳልለውጥ ፈርቼ ነው። አለቃሽ ፊት አሳፍሬሽ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እናትሽን ሳትሰናበቺያት መቅረትሽ ግን በይቅርታ የሚያልፍ አይመስለኝም። እሷ አዘዘችኝ እላለሁ፤ እውነት ነው፣ አዝዛኛለች። የታዘዝኩት ግን እኔ ነኝ። በዚያ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ደውለሽ «እማዬስ?» ስትዪ፣ «ተኝታለች» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ተኝታም አልነበረም፤ አጠገቤ ሆና ድምፅሽን ትሰማ ነበር። አፏን በአንሶላ ይዛ ነበር የምትሰማሽ።

የራጁን ፖስታ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። በመዝገቡ ፋንታ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። እስከ አሥራ አራተኛው ያለው በገዛ እጇ የጻፈችው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው እሷ እየነገረችኝ እኔ የጻፍኩት። ሃያ አንደኛው ጎን ላይ የምታዪያት ትንሽ ጃንጥላ የእሷ ሥዕል ናት፤ ያን ቀን ተሽሏት ነበር። ሠላሳኛው ቦታ ባዶ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ምንም አልጻፍኩም፤ አንቺም ባዶውን ተዪው።

ንግግርሽን አትተዪ። አሥራ ስምንቱን ቀን ንገሪያቸው፤ እሱ በቂ ነው። ፈጣሪ አንደበትሽን ያቅናልሽ፣ በሄድሽበት ሁሉ ሰው አያሳጣሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ሲበርድ ቶሎ ቶሎ ልበሺ፤ ጉሮሮሽ የእናትሽ ነው።

አንብበሽ ስትጨርሺ ደውዪልኝ። ብትቆጪም ደውዪ። ብቻ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አይሁን፤ መለኪያው ጋ ነኝ።

አባትሽ፣
የዝናብ ታዛቢው

እንደገና፦ የደብዳቤውን ፖስታ ካሸግኩ በኋላ መልሼ ከፈትኩት። ስለ ሦስት ሰዓቱ ያልኩሽን ተዪው። በፈለግሽው ሰዓት ደውዪ፤ ቆርቆሮው ይጠብቃል።