ከበሩ ወዲያ ያለው መንገድ

ውድ ወንድሜ፣

በመጀመሪያ ልትረዳው የሚገባህ ነገር፣ እናታችን አልሞተችም። ደብዳቤ ሲደርስህ ልብህ ቀድሞ የሚሮጠው ወደዚያ መሆኑን ስለማውቅ ነው ከዚህ የጀመርኩት። ሐኪሙ ግን «ወደ ቤት ውሰዷት» ብሏል። ትርጉሙን አንተም እኔም እናውቀዋለን፤ ከሁለታችን በፊት ያወቀችው ደግሞ እሷ ናት። አሁን መስኮቱ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ተኝታለች። ሾርባው ጨው የለውም ብላ ስትቆጣኝ ነው ያረፈደችው።

ሁለተኛው ነገር፣ አንድ ጥያቄ ጠይቃኛለች፤ መልሱን የምትጠብቀው ከአንተ ነው። በስልክ ልነግርህ ስጀምር «እናያለን» ብለህ ዘጋኸው። ጆሮዋ ገና አልደከመም። «እናያለን ብሎ ነገር ምንድን ነው? እኔ የማይበት ጊዜ አለኝ እንዴ?» አለችኝ። ስለዚህ ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ባልለቀቀኝ ልማድ፣ ከሥሩ ጀምሬ በቅደም ተከተል ልጻፍልህ።

ማክሰኞ ጠዋት ገላዋን እያጠብኳት ነበር። የሰፈሩን ሴት ጀናዛ ሁሉ ስታጥብ የኖረችን ሴት ማጠብ ምን እንደሚመስል አንተ አታውቅም። እጄን ታርማለች። «ከቀኝ ጀምሪ። ጨርቁን ሳትገልጪ ከሥሩ እጠቢ። ቀስ በይ! ሬሳም ቢሆን ሰው ነው እኮ።»

«እማ፣ አንቺ ገና ሬሳ አልሆንሽም» አልኳት።

«ተለማመጂ ብዬ ነው። ያኔ ማን ያርምሻል?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ እንባዬን እንዳታይ ውኃ ልቅዳ ብዬ ተነሣሁ።

ስመለስ ሳቋ ጠፍቶ ነበር። «ስንቷን አጥቤ፣ ጸጉሯን ጎንጉኜ፣ በከፈን ጠቅልዬ በሩ ላይ ለወንዶች አስረከብኩ» አለችኝ። «ከበሩ ወዲያ የት እንዳስገቧቸው አንድ ቀን አላየሁም። እኔን ግን አንቺ ሸኚኝ። ቀብሩ ድረስ ነይ። አፈሩ ሲመለስብኝ እዚያው ቁሚ። ሸህዬን ጠይቂው፣ እሱ እምቢ አይልሽም።»

ሸህዬ ያለችው አንተን ነው። አንተ ገና ፊደል ሳትቆጥር ያወጣችልህን ስም፣ ይኸው ይህን ሁሉ ኪታብ ተምረህም አልለወጠችልህም።

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ይህን የምትለው፣ አባታችን የሞተ ቀን በሩ ላይ ክንዴን ጨምድዳ የያዘችኝ ሴት ናት። «ሴት ጀናዛ አትከተልም፣ አለቀ!» ያለችኝ እሷ ናት። አንተ ቃሬዛውን ተሸክመህ ስትሄድ ጀርባህን ያየሁት በእጇ እንደተያዝኩ ነው። ይህን ሳስታውሳት «ያኔ የተነገረኝን ነው የነገርኩሽ» አለች እንጂ ተሳስቼ ነበር አላለችም። ታዲያ ዛሬ ማን ምን ነገራት? ሞት ሲቀርብ ለሰው ነገሩ ይጠራለታል ወይስ ይፈራል? መለየት አቃተኝ።

መስጊድ ሄጄ ኢማሙን ጠየቅኋቸው። መልካም ሰው ናቸው፣ አልተቆጡም። «መምህርት፣ ክልከላው ለእናንተ ከማዘን ነው። የሴት ልብ ስስ ነው፤ እዚያ ትጮሃለች፣ ትወድቃለች» አሉኝ።

«የእኔን ልብ በምን ለኩት?» አልኳቸው። «ባለፈው ወንድሙ ሲቀበር አብሬው ካልገባሁ ብሎ የታገላችሁ ሥጋ ሻጩ ወንድ አልነበረም እንዴ?»

ሳቃቸው አመለጣቸው። «እሱስ እውነት ነው። ግን ዛሬ ለአንቺ ብፈቅድ፣ ነገ መሬት ላይ እየተንከባለለች የምትጮኸውን በምን አፌ እመልሳታለሁ?»

አመስግኛቸው ወጣሁ። የሚሉት እውነት አለው። ትክክል እንዳልሆኑ የሚሰማኝም እውነት ነው። ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ ላይ ባሰፍራቸው፣ የትኛውን አጥፍቼ የትኛውን እንደማስቀር አላውቅም።

ከዚያ ትተህ ከሄድካቸው መጻሕፍት የአማርኛ ትርጉም ያላቸውን አወጣሁ። እናታችን የምታውቀው የማጠብ ሥርዓት ሁሉ፣ ከቀኝ መጀመሩ፣ በጎደሎ ቁጥር መደጋገሙ፣ በመጨረሻው ውኃ መዓዛማው ካፉር መጨመሩ፣ ጸጉሩ በሦስት መጎንጎኑ፣ ወደ እኛ የደረሰው በአንዲት ሴት ሰሐባ፣ በነቢዩ ባልደረባ አንደበት ኖሯል። ጀናዛ ከመከተል ተከልክለናል የሚለውም ከእሷው የመጣ ነው። እሷ ግን እዚያ ላይ አላቆመችም፤ ክልከላው ግን አልጠነከረብንም ብላ ጨምራለች። የመጀመሪያውን ግማሽ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖርኩ። ሁለተኛውን ያነበብኩት ገና በዚህ ዕድሜዬ ነው። ማን ነው ቆርጦ ያስተማረኝ? ወይስ ማንም አልቆረጠውም፤ ሊቃውንቱ አይተው፣ መዝነው፣ ባይሆን ይሻላል ብለው ያለፉት ነገር ነው? ይህን አንተ ታውቃለህ። እኔ የማውቀው፣ የጥያቄውን ግማሽ ብቻ አንብቦ የሚመልስ ተማሪ ምን እንደሚያገኝ ነው።

ደግሞ ወዲያው ራሴን እጠረጥራለሁ። ይህን ንባብ የወደድኩት እውነት ስለሆነ ነው ወይስ ስለጠቀመኝ? ትናንት በሶላት መካከል፣ ሱጁድ ወርጄ ግንባሬ መሬት ላይ ሳለ «ጌታዬ፣ ከበሩ እንድመለስ የፈለግከው አንተ ነህ ወይስ እነሱ?» አልኩ። ከአፌ የወጣው አስደነገጠኝና ስንተኛው ረከዓ ላይ እንደነበርኩ ጠፋኝ። ሶላቴን እንደገና ጀመርኩ። ጥርጣሬዬ በእኛ እንጂ በእሱ አይደለም እላለሁ፤ ይህን ስል እንኳ ድምፄ እንደ ድሮው አይጸናም።

እናታችን በየጠዋቱ «ሸህዬ ምን አለ?» ትላለች። እሺ ብያት ከቀረሁ፣ አምናኝ የሞተችን ሴት ዋሸኋት ማለት ነው። እምቢ ብላት ደግሞ አታለቅስም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እምቢታው ከእኔ ወይም ከአንተ ሳይሆን ከአላህ የመጣባት መስሏት ይዛው ትሄዳለች። ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው። አንተ ሳትፈቅድ እንዳልሄድ፣ የምታሰግድባትም ወደ ጉድጓዱ የምታወርዳትም አንተ ነህ፤ በእናቴ ቀብር ላይ ከወንድሜ ጋር አፍ መካፈት አልችልም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ቁርጡን ንገረኝ። እሺ ካልክ የት እንደምቆም ጻፍልኝ፤ ከወንዶቹ ኋላም ይሁን ከአጥሩ ሥር፣ አልከራከርህም። እምቢ ካልክም ምክንያትህን ሙሉውን አስፍረው፤ የሚያስከፋኝን አትዝለል። ብቻ ለእኔ ብለህ አትጻፈው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ጮክ ብዬ፣ የማነበው ለእሷ ነው። እባክህ ቶሎ መልስልን።

እህትህ