የሰው ምስጢር ሳያውቁ የጠበቁት መምህር ኃይለኢየሱስ ወልደተንሣኤ

መምህር ኃይለኢየሱስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደተንሣኤ አድማሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሐና ዘርአ ዳዊት በአንኮበር ወረዳ፣ ከጎረቤላ ከፍ ብላ በምትገኝ መንደር ኅዳር 12 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው ሲያወጉ ልጄ አፉን የፈታው በጥያቄ ነው ይሉ ነበር።

በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ተምረው፣ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በእነዋሪና በጎረቤላ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ አስተማሩ። በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ እናናየሁ ገብረአማኑኤል ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች ወልደዋል።

በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውምና ለጥናት መጠይቅ የሚያስሞሉ መረጃ ሰብሳቢ ሆኑ። ስማቸውን ያስጠራው የ2015ቱ ሥራ ነው። በአንኮበር በአንድ የገበሬዎች ማኅበር የሊቀ መንበር ምርጫ ጨውና ብርድ ልብስ ታድሏል ተባለ፤ ስንት ሰው ድምፁን እንደሸጠ ማወቅ ተፈለገ። በግልጽ ቢጠየቅ ማን ያምናል? ያመነ እንደሆነ ማዳበሪያ ሲታደል ስሙ ይዘለላል። ስለዚህ ለግማሹ ሰው አራት ተራ ጉዳዮች፣ ለግማሹ ደግሞ ስጦታው ተጨምሮ አምስት ይነበብለታል። መላሹ ስንቱ እንደደረሰበት እንጂ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። የሁለቱ ወገን አማካይ ሲነጻጸር የተቀባዮቹ ብዛት ይታወቃል፤ የማንም ስም አይወጣም።

አንኮበሬ ግን ለእንግዳ አሳጥሮ መመለስ ነውር ይመስለዋል። "ሦስት ነው" ብሎ ሦስቱንም ሊተርክ ሲነሣ መምህሩ ጆሯቸውን ደፍነው ይሸሹ ነበር። መላ ሲያጡ ለሰው ሁሉ አምስት አምስት ፍሬ የሽምብራ ቆሎ እያደሉ፣ ለደረሰበት ነገር አንዳንድ ፍሬ ከረጢት ውስጥ እንዲጥል ነግረው ጀርባቸውን አዞሩ። በመጀመሪያው መንደር ከሠላሳ ሰው አንድ ነገር የደረሰበት ጠፋ። ለካስ ቆሎው ተበልቷል! ወይዘሮ ሙሉዬ የተባሉ አዛውንት "ቆሎ ሰጥቶ አትብሉ የሚል እንግዳ የት አገር አለ?" ብለው ተቆጧቸው። መምህሩ ስሕተታቸውን ለአለቃቸው ተናግረው፣ ሠላሳውን ቅጽ ሰርዘው፣ ጥሬ ባቄላ ይዘው ያንኑ ዳገት እንደገና ወጡት።

ከአምስት ሰው አንዱ መቀበሉ ሲታወቅ፣ የማኅበሩ ሹማምንት ስም አምጡ እያሉ ሦስት ቀን አመላለሷቸው። "አላውቅም" አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። የማንም ስም ከማዳበሪያ ዝርዝር አልተፋቀም።

በ2017 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ደብረ ብርሃን ተኝተው ሳሉ አንድ ሽማግሌ ሊጠይቋቸው መጡ። መምህሩ የሰው ስም ማውጣት ስለማይወዱ ስማቸውን አንጽፍም። ሽማግሌው "ስለዚያ ምርጫ አንድ ነገር ልንገርዎት" ቢሉ፣ ሁልጊዜ ጆሯቸውን የሚደፍኑት መምህር "ቅጹ ተዘግቷል፤ አሁን ይንገሩኝ" አሉና አልጋቸውን ከበን የነበርነውን ሁላችንንም ከክፍሉ አስወጡን። ከደጅ ሆነን የሰማነው የሁለቱን ሳቅ ብቻ ነው።

በማግስቱ፣ ጥር 9 ቀን፣ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው ዳግም፣ ህሊናና ሊያ፣ እንዲሁም አራት የልጅ ልጆቻቸው እጅግ ናፍቀዋቸዋል። የተነገራቸውን ይዘውት ሄደዋል። ማንንም ሳያዋርዱ እውነትን የፈለጉትን መምህራችንን፣ ፈጣሪ ሳያሳፍር ይቀበልልን።