የቤታችን ልኬት

መካኒሳ አቦ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለአያንቱ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የጁባ ሙቀትና የሆቴሉ ሥራ እንዴት ይዞሻል? የጎረቤታችን የኤሌኒ ባል ሰኞ ወደ አንቺ አገር ስለሚበር ይህን በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ባለፈው ሳምንት ላፍቶ ካለ ኮሌጅ የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ተማሪዎች ቤታችንን ለተግባር ትምህርት ሊለኩ መጡ። መምህራቸው አባይነህ ፈቃድ ሲጠይቀኝ፣ «ላቦራቶሪያችን ውስጥ ያለው ግድግዳ ለመማሪያ የቆመ ነው፤ ሁሉም ቀጥ ያለ ነው። ልጆቹ ሰው የኖረበትን የተጣመመ ቤት ይልመዱ» አለኝ።

«ባለቤቴ የሠራው ቤት አልተጣመመም» አልኩት።

ተጣሞ ተገኘ፤ በጓዳው በኩል፣ ሁለት ጣት ያህል። አባትሽ ይህን ሳይሰማ ማለፉ ደግ ነው።

ሜትር የያዘ አንድም ልጅ አልነበረም። ሳሎኑ መሃል በሦስት እግር የሚቆም መሣሪያ ተከሉ። ቀስ ብሎ እየዞረ ብርሃን ይረጫል፤ ብርሃኑ የነካውን ሁሉ ነጥብ በነጥብ ኮምፒውተር ላይ ይስለዋል።

«እማማ፣ የተንቀሳቀሰ ሰው ይጠፋል» አለኝ ኦሊያድ የሚባለው ቀልደኛ ተማሪ። «ካልተንቀሳቀሱ ግን እንደ ቁም ሳጥኑ ቁልጭ ብለው ይወጣሉ!»

«ከቁም ሳጥን ጋር አታወዳድረኝ» ብዬው ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አቀማመጤን ታውቂዋለሽ። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ጭንቅላታችን ላይ መጽሐፍ ያስቀምጡብን ነበር፤ መጽሐፉ የወደቀባት ልጅ ምሳ አትበላም። የእኔ ወድቆ አያውቅም።

ምስሉ ሲከፈት ቤታችን አንድም ነገር ሳይጎድል ወጣ። የአባትሽ ፎቶግራፍ አለ። በሩ ላይ ሲቁነጠነጥ የነበረው ኦሊያድ እንኳ በግማሽ ጎኑ አለ። ወንበሬ ባዶ ነው።

ባዶ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። መደገፊያው ላይ ያለው ጥልፌ ይታያል፤ ሦስቱም ጽጌረዳዎች። አያንቱ፣ ጀርባዬ ሸፍኗቸው ነበር።

«ትንሽ ተንቀሳቅሰው ይሆናል፣ እማማ» አለ መምህሩ።

«አልተንቀሳቀስኩም።»

«ትንፋሽም እኮ እንቅስቃሴ ነው» አለ ኦሊያድ።

«አንተም ትተነፍስ ነበር፤ ጆሮህ ግን ወጥቷል።»

ተሳሳቁ። እኔም እንዲደግሙት አዘዝኳቸው። በዚህኛው ዙር ቤቴል የምትባል ዝምተኛ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች። እጇ ይሞቅ ነበር። መሣሪያው ዞሮ እስኪጨርስ ሁለታችንም ዓይናችንን እንኳ አላርገበገብንም።

ምስሉ ላይ ቤቴል አለች፤ ሹሩባዋ ሳይቀር ይቆጠራል። ክንዷ ወደ ወንበሬ ተዘርግቷል። ጣቶቿ ታጥፈው አንድ ነገር ጨብጠዋል፤ የጨበጡት ነገር ግን የለም።

አሁን ማንም አልሳቀም። መምህሩ፣ «ፕሮግራሙ አንዳንዴ ሰው የመሰለውን ያጠፋል» አለኝ። «ታዲያ ቤቴልን ለምን ተዋት?» አልኩት። አጣርቶ ሊነግረኝ ቃል ገባ፤ እስካሁን አልመጣም። ኦሊያድ መሣሪያውን ሲያጣጥፍ ቀና ብሎ አላየኝም። ቤቴል ብቻ በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «እማማ፣ ልጅ አለዎት?» አለችኝ።

«አለችኝ። ሩቅ ናት።»

«ትምጣ ይበሏት» ብላ ሮጠች።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ልብ ማለት ጀመርኩ። የታክሲው ረዳት ሂሳብ ሳይጠይቀኝ ያልፋል። ኤሌኒ በሯን ስትከፍት ጥቂት ቆይታ ነው ሰላም የምትለኝ። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ደህና ነሽ ብሎኛል። ነገር ግን ልቤን ያዳመጠው ቦታ እየቀያየረ ነው።

ትናንት ደወልኩልሽ። አነሳሽው። «ሃሎ? ማን ልበል? ሃሎ?» ብለሽ ዘጋሽው። ኔትወርክ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ሁልጊዜ «ሥራሽን ጨርሰሽ ነይ» እልሽ ነበር። አሁን ሳትጨርሺ ነይ።

እግዚአብሔር በወጣሽበት ይጠብቅሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ዓይኔን ከዓይንሽ ያገናኝልኝ። ይህ ሲደርስሽ ደውዪ። ዝም ካለብሽም ስልኩን አትዝጊው፤ እየመለስኩልሽ ነው።

እናትሽ
ገዲሴ