ስሙን ግን አትጥራ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7 ቀን 1988 ዓ.ም.

ጠዋት ልብስ አጥቤ የአማርኛ ክፍል ሄድኩ። ዝናብ። ከትምህርት በኋላ ሃርልስደን፣ የሐበሻ ስደተኞች ኮሚኒቲ ሆል፣ የፋሲካ ዝግጅት ልምምድ። እኔ መጋረጃ ሳቢ ነኝ። መናገር ስለሌለበት ደስ ይለኛል።

ልዑልቃል አዲስ ጭውውት አምጥቷል። ሁልጊዜ የሚያስቀን እሱ ነው። ነጠላ ተከናንቦ "መርዶ ነው" ሲል ወዲያው ገባኝ። የኛ ቤት መርዶ ነው።

ጥቅምት ላይ ሴቶቹ ገና ሳይነጋ መጥተው የአጎቴን የዓለምሰገድን ሞት ለእማዬ ሲያረዷት ልዑልቃልም ከእናቱ ጋር መጥቶ ነበር። እማዬ ስትጮህ የጎን ጎረቤታችን ሰው የሚገደል መስሏት ፖሊስ ጠራች። አስተርጓሚዋ እኔ። "ወንድሟ ሞቶ ነው" አልኩት ፖሊሱን። "የት ነው ያለው?" ብሎ መኝታ ቤት ገባ። ቁም ሳጥን ከፈተ። መታጠቢያ ቤቱንም አየ። የሞተው ደሴ ነው ለማለት አፌ ተሳሰረ…

ልዑልቃል አንድም አላስቀረም። ፖሊሱ ኮቶቹን እየገለጠ ሬሳ ሲፈልግ መጋረጃውን ይዤ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ከዚያ ደረቱን እየመታ "ዓለሜ… ወንድሜ ዓለሜ" አለ። ልክ በእማዬ ድምፅ። ሳቄ ወዲያው አልቆመም። ትንሽ ሄደ። ለምን ቶሎ አልቆመም?

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14

ልዑልቃልን ስሙን አትጥራ ልለው ሄድኩ። "ምነው ብሩክቲ?" አለኝ። "ምንም" አልኩ። ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ይኸው ነው። ምንም።

ዓርብ፣ መጋቢት 27

እማዬ ለፋሲካ ከሏን ልታወልቅ ነው። ሰማያዊውን ቀሚስ አውጥታ ለካችው። ሰፍቷታል። "የልዑልቃል ቀልድ አለ አሉ። ጠግቤ ልሳቅ እስቲ" አለችኝ።

ምን ልበላት? አትምጪ? ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው ፊት ልትወጣ…

ቅዳሜ፣ መጋቢት 28

ነገርኩት።

"ፖሊሱን አድርገው። የአጎቴን ስም ግን አትጥራ።"

"ስም ካልተጠራ ለቅሶ አይመስልማ።"

"እማዬ ትመጣለች።"

"እናትሽ እትዬ አልታየሽ ቀልድ ታውቃለች። ደግሞ አንቺ ራስሽ ስቀሽ የለ እንዴ? አይቼሻለሁ እኮ፣ መጋረጃውን ልትገነጥዪው ነበር።"

አንዴ የሳቀ ሰው ፈቅዷል ማለት ነው? ሳቁ እኮ ሳይጠይቀኝ ነው የመጣው…

ፊቴን አይቶ "እሺ በቃ፣ አልጠራም፣ አታኩርፊ" አለ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 13

ትናንት ለፋሲካው ዝግጅት ሆሉ ጢም ብሎ ነበር። እማዬ ሰማያዊውን ለብሳ ፊት ለፊት፣ አጠገቧ ጓደኛዋ እትዬ እንግዳወርቅ። በመጋረጃው ጠርዝ አያቸዋለሁ።

ፖሊሱ ቁም ሳጥኑን ሲከፍት እማዬ ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ። ከጥቅምት ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየሁም። ምናልባት እኔ ነኝ የማካብደው አልኩ ለራሴ።

ሰው ያጨበጭባል፣ ያፏጫል። ልዑልቃል ፊቱ በራ። ደረቱን መታና "ዓለሜ… ወንድሜ ዓለሜ" አለ።

የባሰ ተሳቀ። እትዬ እንግዳወርቅ የእማዬን ጉልበት እየመታች ትስቃለች። የእማዬ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ሳቅ ግን የለበትም።

ገመዱ እጄ ላይ ነበር። ብስበው ያልቅ ነበር። አልሳብኩም። ገና አላለቀም ብዬ ጠበቅኩ… ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

"ሳቁ ወሰደኝ" አለኝ ልዑልቃል በኋላ፣ ላቡን እየጠረገ። "ሲስቁ ጊዜ… ወሰደኝ።"

ባስ ላይ እማዬ ተናገረች።

"ፖሊሱስ ያስቃል። የዓለሜን ስም ባይጠራው ምን ነበረበት።" ቀጥላ "እኔ እንደዚያ ነው የምጮኸው?" አለች።

"አይደለም" አልኩ።

ነው እንጂ። ልክ እንደዚያ ነው።

ሚያዝያ 20

እማዬ ስልክ እንኳ በሹክሹክታ ሆኗል የምታወራው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 3

ዛሬ ሳይነጋ መርዶ ሄድን። የእትዬ እንግዳወርቅ እናት እሜቴ ፀሐይወርቅ ጎንደር ዐርፈዋል።

ሲነግሯት አልጮኸችም። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ዝም ብላ ትወዛወዛለች። አንዷ ሴት "ቀስ በሉ፣ ልጆቹ አሉ፣ መቀለጃ እንዳንሆን" አለች። ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ልዑልቃል ነው። እናቱ ወንበር አሸክማው መጥቷል።

እትዬ እንግዳወርቅ ነጠላዋን ሳታወጣ እማዬን "ስቄብሽ ነበር እኮ… በዓለሜ ስም ስቄብሽ" አለቻት። ተሰማ ለማለት ያስቸግራል።

እማዬ ነጠላውን ከአፏ ቀስ ብላ ሳበችላት። ከዚያ ራሷ ጮኸች። "እሜቴ ፀሐይወርቅ… እሜቴ ፀሐይወርቅ…" አይታቸው እንኳ አታውቅም። እትዬ እንግዳወርቅ "እናቴ" ብላ ተከተለቻት። ሌሎቹም ተከተሉ። ጎረቤቱ ግድግዳውን መደብደብ ጀመረ። "ቀስ በሉ" ያለ ግን አልነበረም።

ልዑልቃል ወንበሩን እንደያዘ እማዬን ያያታል። ደረቷን ስትመታ፣ ስትዞር፣ እጇን ስታነሳ። አዝኖ ነው? ወይስ ለጭውውት እየያዘው ነው? ፊቱ አያስታውቅም። እሱ ራሱም ላያውቅ ይችላል…

ተነስቼ ከፊቱ ቆምኩ፣ እንዳያያት።

"አልሳቅኩም እኮ" አለ።

"አውቃለሁ። ዙር።"

ወንበሩን አስቀምጦ ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዞረ። ለቅሶው እስኪበርድ በሩ ላይ ቆምኩ።